ተረካቢ ያጣ ጭነት

ባቡሩ ከወደቡ ተነሥቶ የድንበሩ ኬላ ደወሌ ይደርሳል፤ ከደወሌ ተመልሶ ወደቡ ይደርሳል። የይርዳው ኑሮ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሐዲድ ወርዶ አያውቅም። ሥራው አጃቢ ይባላል፤ የሚያጅበው ግን ሙሽራ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የተላከ፣ ያረጀ ባትሪ የታጨቀባቸው ኮንቴይነሮች ናቸው።

ዓለም አቀፉ የአደገኛ ቆሻሻ ውል ከተሻሻለ ወዲህ መርዝ ብቻውን አይጓዝም። ድሮ ጭነት ብቻውን ይላክ፣ ብቻውን ይጣል ነበር፤ ሰነዱ አንድ አገር ይገባና ቆሻሻው ሌላ አገር ሜዳ ላይ ተዘርግፎ ይገኛል። አገሮች ተሰብስበው ሲነታረኩ ከርመው መፍትሔ አመጡ፦ ጭነቱ ሰው ይኑረው። አብሮት ይብላ፣ አብሮት ይተኛ። ተረካቢ ተገኝቶ እስኪፈርም ድረስ አጃቢው በሕግ የጭነቱ አካል ነው፤ ጭነቱ ያልገባበት አገር እሱም አይገባም። በየኬላው የሰውየው ጤና ይጠየቃል። ሰውየው ደህና ከሆነ ጭነቱም ደህና ነው ማለት ነው።

ይርዳው ሲቀጠር የተነገረው የሁለት ሳምንት ጉዞ ነበር። አዳማ አጠገብ ያለ የአሮጌ ባትሪ ማጣሪያ ጭነቱን ሊረከብ ተስማምቷል፤ ደርሶ መመለስ ነው፣ አሉት። ባቡሩ ደወሌ ሳይደርስ ማጣሪያው ተዘጋ። ላኪው ኩባንያ ከዚያም በፊት ፈርሶ ኖሯል። የላኪው አገር መንግሥት፣ እኛ የላክነው ያገለገለ ዕቃ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፣ መልሰን የምንወስደው ነገር የለም፣ አለ። ወደቡ «ከእኔ ወጥቷል» አለ፤ ኬላው «እኔ ጋ አልገባም» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሁሉም የየራሱን ወረቀት ጨብጦ ቀረ። በውሉ መሠረት አንድ ቦታ ቆሞ የከረመ ጭነት የመሬቱ ባለቤት ንብረት ይሆናል። ስለዚህ መሬቱ ላይ እንዲቆምበት የሚፈልግ የለም፤ ባቡሩ የግድ መንቀሳቀስ አለበት። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

ይርዳው ጠዋት ተነሥቶ ኮንቴይነሮቹን እየዞረ ማሸጊያቸውን ይዳስሳል፤ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ውስጥ የሚንሾካሾክ ነገር ከሰማ ይመዘግባል። ምግቡን ሰው አልባ በራሪ፣ ድሮን፣ ከላይ ትጥልለትና ትሸሻለች። በሐዲዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጡሩንባውን ሲሰሙ መስኮት ይዘጋሉ፤ ግመሎቻቸውን ነፋስ ወደማይነፍስበት ጎን ያዞራሉ። ልጆች ባቡሩ እስኪያልፍ ትንፋሽ መያዝን ጨዋታ አድርገውታል፤ ጉንጫቸውን ነፍተው ተሰልፈው ያዩታል። መጀመሪያ ሰሞን እጁን ያውለበልብላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ አጸፋውን ልትመልስ እጇን ስታነሣ እናቷ እጇን መትታ አወረደችው። ከዚያ ወዲህ ተወው።

የሚያወራው ከነጂው ከሮብሌ ጋር ነው። ሮብሌ የወደቡ ከተማ ሰው ነው፤ ቀልደኛ፣ ጫት ወዳድ፣ የስድስት ልጆች አባት። ነጂ በውሉ የጭነቱ አካል ስላልሆነ በየሳምንቱ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ይርዳው በኑሮው ሲማረር «አንተ ዕቃ ነህ፤ ዕቃ ደግሞ አያለቅስም» እያለ ይተርበዋል። ከቤቱ የመጣ ሳምቡሳ ሲያካፍለው ግን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የሚሰጠው።

ደወሌ ላይ የምትጠብቃቸው መርማሪ ሂክመት ትባላለች። የድሬ ልጅ ናት፤ እንደ ድሬ ሰው አንቱታ አታውቅም። ውሉ አጃቢው በቃሉ እንዲጠየቅ ያዝዛል። መሣሪያ ይሸነገላል፣ ሰው ግን በገዛ አካሉ ላይ አይዋሽም ብለው ነው አርቃቂዎቹ። እንዳይሳሳትም ሦስት ጊዜ ይጠየቅ አሉ። እነዚያ አርቃቂዎች ይህን አገር አያውቁትም ነበር።

«እንዴት ነህ?» ትለዋለች ሂክመት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰውነትህስ?»

«ደህና ነኝ።»

«በጣም ደህና ነህ?»

«ይመስገነው፣ ምንም አልል።»

እዚህ አገር ሰው ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቆሞ እንኳ እንዴት ነህ ቢሉት፣ ምስጋናው ከሕመሙ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ሰላምታ ነው፤ ለሰላምታ ሕመም አይመለስም። ሂክመትም ይህንን ታውቃለች፤ እሷም ብትጠየቅ ያንኑ ትላለች። የተባለውን ግን ትመዘግባለች፤ የተመዘገበውም ባሕር ተሻግሮ ይጠራቀማል። እንዲህ እንዲህ እያለ የይርዳው ጭነት በምድር ላይ ከሚንቀሳቀሱ አደገኛ ጭነቶች ሁሉ ጤነኛው ሆኖ ተገኘ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከአምና ጀምሮ የይርዳው ጣቶች መደንዘዝ ይዘዋል። አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ፤ ሲነጋም ሲመሽም አይለቀውም። በድዱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር ወጥቷል። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጥ ሮብሌ አይቷል፤ አይቶም ዝም ብሏል። ይርዳው ያልተናገረው በልማድ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት። አጃቢው ታሞ ከተገኘ የጭነቱ ደረጃ ይለወጣል፤ ደረጃው የተለወጠ ጭነት ደግሞ የሚቀርበው የለም። አሞኛል ያለ ዕለት በዚህ ሐዲድ ላይ ሲመላለስ እንደሚሞት ያውቃል።

ከዚያ በፊት ቤቱ መግባት ፈለገ። ቤቱ ድሬዳዋ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ። ሚስቱ ሽታዬ አለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ አሉ። ብቸኛ ልጃቸው ነው። በሳምንት አንዴ ከቤት ጋር መነጋገር ተፈቅዶለታል፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ሰሞኑን ሽታዬ መልሷ አጥሮበታል። ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አለችው። ድምፃቸውን አሰሚኝ ቢላት ተኝተዋል አለችው። በሚቀጥለው ሳምንትም ተኝተው ነበር። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ ይርዳው አጥብቆ አልጠየቀም። ብቻ ደጋግሞ፣ መጣሁ በያት፣ ጠብቂኝ ብሏል በያት፣ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ባቡሩ ደወሌ ሲደርስ ሂክመት ከኬላው ቤት ወጥታ ወደ ሐዲዱ መጣች። ወትሮ ከመስመሩ ወዲያ ቆማ ነው የምትጠይቀው።

«ተረካቢ ተገኘልህ» አለችው።

ይርዳው አላመናትም። ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«የደቻቱ ማዶ መረዳጃ ዕድር።»

መጀመሪያ ሳቀ። ዕድር ሬሳ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያበላል፤ የባሕር ማዶ ባትሪ ምን ያደርግለታል? ሂክመት አልሳቀችም። ውሉ ላይ፣ በሕግ የተመዘገበ፣ አባላትና የራሱ ግቢ ያለው የማኅበረሰብ አካል ሁሉ መረከብ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። የተጻፈው ለመንደር ምክር ቤቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ታስቦ ነው። ዕድር የሚባል ነገር መኖሩን የጻፉት ሰዎች አልሰሙም፤ ዕድሩ ግን አንቀጹን አገኘው።

ነገሩን ወዲያው በስልክ አብራርታ የነገረችው ሽታዬ ናት። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጉደታ፣ በወጣትነታቸው የባቡር ጥገና ሠራተኛ የነበሩት፣ ከወር በፊት ጉባኤ ጠርተው ነበር። የወይዘሮ ዘርፌ ልጅ በሰው አገርና በገዛ አገሩ መካከል ተንጠልጥሎ እናቱ አልጋ ላይ ሆና እኛ ምን ብለን እንቀመጣለን፣ አሉ። የጭነቱ የጤና መዝገብ ለማንም ክፍት ነውና አስነበቡት። ከላይ እስከ ታች ደህና፣ ደህና፣ ደህና ይላል። ጋሽ ጉደታም፣ ልጃችን ሦስት ዓመት አቅፎት ተኝቶ ምንም ካልሆነ እኛን ምን ያደርገናል፣ ብለው ለድምፅ አቀረቡ። አንድም እጅ አልቀረም።

ሽታዬ ይህን ስትነግረው ድምፅዋ በደስታና በሌላ ነገር ይንቀጠቀጥ ነበር። ደህና ባለ ቁጥር የተናገረው ለሂክመት ይመስለው ነበር። ለካ ጋሽ ጉደታ ይሰሙት ኖሯል፤ ለዕድሩ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች፣ ግቢው ውስጥ ኳስ የሚራገጡት ልጆች ሁሉ ይሰሙት ኖሯል። ያንን ግቢ ያውቀዋል። በቆርቆሮ የተሠራው መጋዘን ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ይይዛል፤ ትልልቆቹ ድስቶች ከጉድጓድ ውኃው አጠገብ ተደፍተው ይቀመጣሉ። ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ጉድጓድ ይቀዳል።

ሂክመት ጥያቄዋን ጀመረች። እንዴት ነህ፣ አለችው።

መናገር ይችል ነበር። የመጨረሻው ፊርማ የሚፈረመው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ በፊት አጃቢው አንድ ቃል ከተናገረ ሁሉም ይቆማል። ነገር ግን ደወሌ ላይ ከተናገረ ባቡሩ ከደወሌ ይመለሳል፤ እናቱን አያያትም። እናቴን አይቼ እናገራለሁ፣ አለ ለራሱ። ጣቢያው ድረስ ያመጧታል፣ በወንበርም ቢሆን ያመጧታል፤ አያትና እናገራለሁ።

«ደህና ነኝ» አላት። ሦስቱንም ጊዜ።

ባቡሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደወሌን አለፈ። ሂክመት ለርክክቡ ምስክር መሆን ስላለባት ከሮብሌ ኋላ ተቀምጣ አብራ ትሄዳለች። የአዲጋላን ጣቢያ ሲያልፉ ይርዳው ወደ ነጂው ክፍል በር ተጠግቶ ቆመ፤ የሚያውቀው ቁጥቋጦ፣ የሚያውቀው ቀይ አፈር እየመጣ ነው። ሮብሌ የባቡሩን ማንቀሳቀሻ ዘንግ እንደያዘ ሳይዞር ተናገረ።

«ለሰዎችህ ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

ይርዳው ፊቱን ወደ ቀይ አፈሩ መለሰ። ሮብሌም አልደገመም። የነጂ ቃል በውሉ አይመዘገብም፤ ቢጮኽ የሚሰማው አልነበረም፤ ወዳጁንም በሰው ፊት ማጋለጥ አልፈለገም።

ድሬዳዋ የገቡት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። ጣቢያው ጭር ብሏል፤ ከተማው መስኮቱን ዘግቷል። ከደቻቱ ማዶ ሰዎች በቀር በመድረኩ ላይ ማንም አልነበረም፤ እነሱ ግን ሁሉም መጥተዋል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ቆመዋል። አፋቸውን የሸፈነ፣ ትንፋሹን የያዘ አንድም ሰው አላየም።

ይርዳው በዓይኑ ወንበር ፈለገ። ወንበር የለም። ሽታዬን አያት፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቅዝቃዋለች። ከእሷ ኋላ ያሉት ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። መርዶ በባቡር በር ላይ አይነገርምና ወርዶ ቤቱ እስኪገባ ሊጠብቁት አስበዋል። እሱ ግን ገባው። ተኝተዋል ሲባል የከረመው ይኸው ነው። የባቡሩን እጀታ ሊይዝ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልያዙለትም፤ በክንዱ ተደገፈ።

ሂክመት ወርዳ በመድረኩና በባቡሩ መካከል ቆመች። እሷም የሴቶቹን ነጠላ አይታለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። የመጨረሻው ቃል በተረካቢው ፊት ነው የሚጠየቀው።

«እንዴት ነህ?»

ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ጋሽ ጉደታ ለፊርማ አውራ ጣታቸውን አዘጋጅተው ቀርበዋል። ይርዳው የሚያያት እናት የለችውም፤ የሚዋሽላትም የለችም። ግቢውንና ጉድጓዱን አሰበ።

«አሞኛል» አለ።

ሂክመት ቀና ብላ አየችው። በሥራ ዘመኗ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም ነበር። እንዲደግመው ሕጉ ያዝዛል፤ ጠየቀችው።

«አሞኛል። ከአምና ጀምሮ ነው። እጄ አይሰማኝም። ስዋሻችሁ ነው የከረምኩት። ጭነቱ መጥፎ ነው፣ ጋሽ ጉደታ፤ እንዳትቀበሉት።»

ሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት «እኔን!» ስትል ተሰማ። ሂክመት የምትናገረው ከውሉ ነው፤ ከዚህ በኋላ አንድም ነገር መደበቅ አይፈቀድላትም። የጭነቱ ደረጃ መለወጡን ነገረቻቸው። ከዚህ ደረጃ የደረሰ ጭነት አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ከልጆች አጥንት ውስጥ አይወጣም፣ አለቻቸው። ከተረከቡት መመለሻ የለውም። እምቢ ካሉ ባቡሩ አሁኑኑ ዞሮ ይመለሳል፣ ማንም አይጠይቃቸውም። አጃቢውስ፣ ብለው ጋሽ ጉደታ ጠየቋት። አጃቢው የጭነቱ አካል ነው፣ አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ተረድታችኋል ወይ፣ አለቻቸው። ተረድተናል፣ አሉ።

ጋሽ ጉደታ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። ጉባኤ የሚባል ነገር አልተደረገም፤ ዝም ብለው ተያዩ እንጂ። እንደገና ሲዞሩ ያረጀ ፊታቸው ላይ ያለውን ይርዳው አነበበውና ከባቡሩ ሆኖ ይለምናቸው ጀመር። መልሱኝ፣ ስለ እናቴ ብላችሁ መልሱኝ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አላቸው።

«ልጄ» አሉት ጋሽ ጉደታ። «ደህና ነኝ ስትል ብንመልስህ ኖሮ፣ ያኔ ምናልባት ይቅር እንባባል ነበር። ታምሜያለሁ ያለን ሰው እንዴት አድርገን ነው የምንመልሰው? ዕድር የተቋቋመው ለጤነኛ ነው እንዴ?»

«ልጆቹስ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች ዞረው አዩ።

«እናትህን ማን ይቅበራት?» አሉ በመጨረሻ። «ሬሳዋን ሆስፒታል በበረዶ አስቀምጠን ነው የምንጠብቅህ።»

መርዶው በዚህ ተነገረ። ሴቶቹ ለቅሶውን አነሡት፤ በለቅሶው መካከል ጋሽ ጉደታ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ሂክመት የጭነቱ አካል መሆኑን የሚያሳየውን አምባር ከይርዳው ክንድ ላይ ፈታችለት። ሕጉ ተረካቢው ሙሉ መረጃ አግኝቶ በነጻ ፈቃዱ እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ከዚህ የተሟላ ስምምነት በውሉ ታሪክ የተገኘ አይመስልም። ይርዳው ከባቡሩ ሲወርድ ሰው ሁሉ አቀፈው፣ ሳመው። የፈራው የለም። እሱ ግን በእያንዳንዱ ሰው ትከሻ ላይ ፈርቶ አለቀሰ።

ወይዘሮ ዘርፌ በማግሥቱ ተቀበሩ። ሥርዓቱ አልጎደለም፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወጡ ተሠርቷል። ይርዳው አፈር አንሥቶ መቃብሩ ላይ በተነ። አፈሩ እጁ ውስጥ መኖሩን ያወቀው ሲወድቅ አይቶ ነው።

ኮንቴይነሮቹ በዕድሩ ግቢ ውስጥ ተደረደሩ፤ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ቦታ ጠፍቶላቸው በየሰው ቤት ተከፋፈሉ። ሴቶቹ ድስቶቹን ወደ ሌላኛው ጥግ ወሰዱ። ድስቶቹ ቢሄዱም ውኃው የሚቀዳው ከዚያው ጉድጓድ ነው። ጋሽ ጉደታ በየጠዋቱ መጥተው ማሸጊያዎቹን ይፈትሻሉ፤ ይርዳው እንዴት እንደሚዳሰስ አሳይቷቸዋል። ከክረምቱ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ሻይ ብረት ብረት ይላል የሚሉ ሰዎች ተሰሙ። አንዱ ቅጠሉ ነው አለ፣ ሌላው ማንቆርቆሪያው ነው አለ። የሚጣላ፣ ይርዳውን በክፉ ዓይን የሚያይ አልነበረም፤ እንዲያውም ሲታመም ተራ ገብተው ያስታምሙታል። ይርዳው ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር። ሌሊት ሌሊት ለሽታዬ ይህን ይነግራታል፤ እሷም፣ እንዲህ ማለት ነውር ነው፣ ትለዋለች።

ሮብሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ከስቷል፤ እሱም ያስለዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሳምቡሳውን እየቆረሰ አጎረሰው፣ ይርዳው መያዝ አይችልምና። ሐዲዱ ላይ አዲስ ጭነት አለ፣ አለው፤ ከመጀመሪያው ይልቃል፣ ባቡሩም ሁለት ሆኗል። አጃቢዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ከአዳማ የመጣች፣ ሥራ ስትፈልግ የከረመች።

ይርዳው ስለ ጭነቱ አስጠንቅቀዋት እንደሆነ ጠየቀ።

«ምንም አላሏትም» አለ ሮብሌ። «ስለ ጤናዋም አልጠየቋት። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት፤ ዕድር አለሽ ወይ ብለው።»

«ምን አለች?»

«አለኝ አለች፤ ትልቅ ዕድር ነው፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው አለች» አለ ሮብሌ። «ወዲያው ቀጠሯት።»